«በራሱ ተነስቷል»

ደመቀን ከገብሱ ውስጥ ጎትተው ሲያወጡት አፉም አፍንጫውም በገብስ ተሞልቶ ነበር። መጋዘኑ ሲሚንቶ ላይ አጋደሙት። የሚሸፍኑበት ነጠላ ቢፈልጉ ስላጡ አንዱ ጆንያ ቀዶ ጣል አደረገበት። ዕድሜውን ሙሉ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ሲሞትም ጆንያ መልበሱ ያናድዳል። የባሰው ግን ገና ነበር።

ኢንስፔክተር ተናኘወርቅ ከአሰላ ወጣ ብሎ ወዳለው የገብስ መጋዘን የደረሰችው በባጃጅ ነው። የጣቢያው መኪና ቀድሟት መጥቶ «ገዳይ» ጭኖ ሄዷል። ገዳይ የተባለችው ትንቢት ናት፤ የመጋዘኑን ማሽኖች የሚያዘውን ፕሮግራም የጻፈች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ። ሰው ሞተ ሲባል ከተማ ካለው ቢሮዋ እየሮጠች መጣች፤ ከደጃፉ ላይ ያዟት። መኪናው ላይ ስትወጣ የሟቹ ሚስት ብርቄ በጥፊ መታቻት፤ የገላገለ የለም። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች ተብሏል።

«ምርመራው አልቋል ማለት ነዋ?» አለች ተናኘወርቅ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቁጡ ናት። ቁጡነቷ ሹመት አሳጥቷታል እየተባለ ይታማል፤ እሷም ትሰማለች፣ አትክድም።

«አልቋል፣ ወይዘሮ ተናኘ» አሉ የመጋዘኑ ባለቤት አቶ ገብረ መድህን። ከአቦምሳ ገና መድረሳቸው ነው፤ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። «ማሽኑ ራሱ ተናዟል። ወንድምአገኝ፣ ወረቀቱን ስጣቸው።»

ወንድምአገኝ የመጋዘኑ የቴክኒክ ኃላፊ፣ የአቶ ገብረ መድህንም የእህት ልጅ ነው። ብብቱ ስር ታብሌት ሸጉጧል። በፕሪንተር የወጣ ወረቀት ዘረጋላት። አራት መስመር ነበረው፦

08:11 ማውጫው ተነሳ
08:12 ማሳሰቢያ፦ ጭነት ተጀምሯል
02:12 ስህተት፦ ማውጫው በፕሮግራሙ ትዕዛዝ በራሱ ተነስቷል
08:14 ማውጫው ቆመ

«ሎግ ይባላል» አለ ወንድምአገኝ። «ማሽኑ የሠራውን ሁሉ እየተከታተለ ራሱ የሚጽፈው ነው። ሦስተኛውን መስመር ያንብቡት።»

«አነበብኩት። ማውጫ ያልከው ምንድነው?»

ወስዶ አሳያት። ሳይሎ የሚሉት ትልቅ የቆርቆሮ ጎተራ አለ፤ ከስሩ ገብሱን እየሳበ ወደ መኪና የሚጭን ጠመዝማዛ ብረት ተገጥሟል። ማውጫ የሚሉት እሱን ነው። ገብሱ ርጥበት አግኝቶ ሲጋገር አንድ ሰው ከላይ ገብቶ በአካፋ ይንደዋል። ሰው ውስጥ እያለ ማውጫው ከተነሳ ገብሱ እግሩን ይዞ ቁልቁል ይስበዋል።

«ሰው ውስጥ መኖሩ በምን ይታወቃል?»

«ልማድ አለን። የሚገባው ሰው ጃኬቱን አውልቆ የማውጫው እጀታ ላይ ያንጠለጥላል። ጃኬት ካለ ሰው አለ ማለት ነው። ደመቀ ግን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዛሬ ረስቷል። ጃኬቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ነው የተገኘው።»

«ስለዚህ ጥፋቱ የሟቹና የልጅቷ ነው። የመጋዘኑ ጥፋት የለም።»

«ምን ማለትዎ ነው?» አሉ አቶ ገብረ መድህን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

«እናንተ ያላችሁትን ደገምኩ እንጂ ከራሴ ምንም አልጨመርኩም።»

እጀታውን ቀረብ ብላ አየችው። ወደ ላይ ሲገፉት ማሽኑን ያስነሳል፣ ወደ ታች ሲስቡት ያቆማል። ዙሪያውን ቀይ ግራሶ ተቀብቷል፤ ገና ትኩስ ነው። በጣቷ ነካ አድርጋ በመሐረቧ ጠረገችና ወደ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሄደች።

ብርቄ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። አታለቅስም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባሏን ሰማያዊ ጃኬት አፍጥጣ ታየዋለች።

«እግዜር ያጽናሽ» አለቻት ተናኘወርቅ። «ብርድ ይፈራ ነበር?»

«ደመቀ?» ብርቄ በጥያቄው የተናደደች መሰለች። «በታኅሣሥ ውርጭ ቀርቶ በግንቦትም ከላዩ አያወልቀው። እራት ሲበላ እንኳ አውልቅ ብዬ እጨቀጭቀው ነበር።»

«ከዚህ እስከ ሳይሎው ግቢው ሰፊ ነው። ጃኬቱን እዚህ ሰቅሎ በሸሚዝ ይሄዳል?»

«አይሄድም! ነገርኳቸው እኮ። እጀታው ላይ ነው የሚያወልቀው፣ ሌላ ቦታ አያወልቅም ብዬ ነገርኳቸው። ‹አንቺ ሐዘን ላይ ነሽ› አሉኝ።»

ተናኘወርቅ ጃኬቱን አውርዳ ውስጡን ገለበጠችው። ከገበሩ ላይ፣ አንገቱ አካባቢ፣ ቀይ ግራሶ ተለጥፎበታል።

«ይሄ ትናንት ነበር?»

«ትናንት አጥቤዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ንጹሕ ለብሶ ነው የወጣው።» ብርቄ ግራሶውን፣ ከዚያም ኢንስፔክተሯን አየች። የገባት ያን ጊዜ ነው። «እጀታው ላይ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ማን አመጣው?»

«እሱን እፈልጋለሁ። በጥፊ የመታሻት ልጅ ግን አይደለችም፤ ያን ሰዓት ግቢው ውስጥ አልነበረችም።»

ብርቄ ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመረች።

ቀጥሎ የመኪና ሚዛኑ ክፍል ነው። ሙህዲን ሚዛኑን ይቆጣጠራል፤ የወልቂጤ ልጅ ነው፣ አሰላ ከመጣ ቆይቷል። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ እጁን ያፍተለትላል። መስኮቱ ላይ ከሮቤ ገብስ ሊጭን የመጣ ቢሊሱማ የሚባል ሾፌር ተደግፎ ቆሟል።

«ማውጫው ከየት ከየት ይነሳል?» አለች ተናኘወርቅ።

«ከሦስት ቦታ ነው እትዬ። ከእጀታው፣ ከዚህ ኮምፒውተር፣ ከወንድምአገኝ ታብሌት።»

«እጀታውን ማን ግራሶ ቀባው?»

«ራሱ ደመቀ። ጠዋት ሊገባ ሲል ቀባው። ከዚያ ጃኬቱን ሰቀለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ወደዚህ ስመጣ እዚያው ነበር።»

«ይህን ለመጣው ፖሊስ ነግረሃል?»

ሙህዲን መሬት መሬት አየ። «ወንድምአገኝ ‹ታብሌቱ ቻርጅ ላይ አንተ ጋ ነበር፣ ብታስብበት ይሻልሃል› አለኝ። ወላሂ እኔ ጋ አልነበረም! ግን እኔና እሱ ብንካሰስ ማንን ያምናሉ?»

«ማሽኑን አንተ አስነሳኸው?»

«ወላሂ አልነካሁትም። የዚህ ሰውዬ መኪና ሚዛን ላይ ነበር።»

«ኤዬ፣ እውነቱን ነው» አለ ቢሊሱማ። «እኔ እዚህ ቆሜ ‹ቶሎ በል› እያልኩ ስጨቀጭቀው ነበር። ‹ሰው ገባ!› የሚል ጩኸት እስክንሰማ ድረስ ከወንበሩ አልተነሳም። አብረን ነው የሮጥነው። ሌላው ጫኝ ሁሉ ከመኪኖቹ ጋር በር ላይ ነበር።»

«‹ሰው ገባ› ብሎ የጮኸው ማነው?»

«ወንድምአገኝ» አሉ ሁለቱም።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ በማን ስም ነው የምትገቡት?»

ሙህዲን ግድግዳውን አሳያት። ፓስዎርዱ በትልቁ ተጽፎ ተለጥፏል። «ሁላችንም ‹ተረኛ› ነን። ለእያንዳንዱ የየራሱ ስም ቢሰጥ ጣጣው ይበዛል ተባለ።»

«ሰው የሚውጥ ማሽን በጋራ ስም!» አለች ተናኘወርቅ፤ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ገንጥላ ኪሷ ከተተችው።

ወንድምአገኝ ደጅ ላይ ይጠብቃት ነበር። ታብሌቱን ስትጠይቀው አንድ ጊዜ ወደ አጎቱ ዞር አለና አልሰጥም ማለት ስላልቻለ ሰጣት። የላስቲክ ልባሱ በደንብ ተጠርጓል። ከመጠን በላይ በደንብ። በጥፍሯ ጠርዙን ፈልቀቅ ስታደርገው ስፌቱ ውስጥ የቀረ ቀይ ቅባት አየች። ልባሱን መልሳ ገጥማ ሰጠችው።

«ይሄ ጠዋት የት ነበር?»

«ቻርጅ ላይ፣ ሙህዲን ክፍል። እጄ የገባው ደመቀን ካወጣነው በኋላ ነው።»

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

ወንድምአገኝ የእጁን ሰዓት አየ። «ስድስት ሊሆን ነው።»

በእጁ የያዘው ታብሌት 11:52 ይላል። እሱ ግን እንደማንኛችንም የሚያምነው የእጁን ሰዓት ነው። ተናኘወርቅ አመሰገነችው። እሷ ስታመሰግን የሚያውቋት ሰዎች ይፈራሉ፤ ወንድምአገኝ ግን አያውቃትም።

ትንቢት በጣቢያው እስር ክፍል ጥግ ላይ ቆማ ነበር፤ ተቀመጪ ብትባል እምቢ ብላለች። ጉንጯ ላይ የጥፊው ምልክት አልጠፋም።

«ደግሞ እርስዎ ምን ሊጠይቁኝ መጡ?» አለች። «‹ለምን ገደልሽው› ሊሉኝ ነው?»

«አይደለም። ይህን መስመር ጽፈሻል?» ተናኘወርቅ ወረቀቱን ዘረጋችላት።

ትንቢት አንድ ጊዜ አይታው በንዴት ሳቀች። «‹በራሱ ተነስቷል›! እኔ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር በፕሮግራሜ ውስጥ የለኝም! ማንም አላየኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ ካቴና ብቻ!»

«እኔ እየጠየቅኩሽ ነው። ቀስ ብለሽ አስረጂኝ።»

ልጅቷ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ሎግ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ወሬ ነው፤ ማሽኑ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፣ አንባቢ እንደመሰለው ይተረጉመዋል። እኔ ያን አልወድም። የኔ ማሽን ለሆነው ነገር ሁሉ አንድ ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ ቦታ ቦታ አለው፤ ምን ሆነ፣ መቼ፣ ማን አዘዘ፣ ከየትኛው መሣሪያ። ሰው በእጁ ማሳሰቢያ ከጻፈም ማሳሰቢያ የሚባል የራሱ ቦታ አለው፤ ምንም ቢጽፍ ከዚያ ቦታ መውጣት አይችልም።»

«እዚህ ወረቀት ላይ ግን ሳጥን የለም።»

«ወንድምአገኝ ነዋ! ‹ይሄ ሳጥን ምን ያደርግልናል፣ ቀላል መስመር አድርጊልን› አለኝ። አለቃ ነው፣ ሰዓቱንና መልእክቱን ብቻ የሚያሳይ ገጽ ሠራሁለት። ይሄ ወረቀት ከዚያ ገጽ የወጣ ነው። ሳጥኖቹ ግን አልጠፉም፤ ሚዛኑ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ሁሉንም ያስቀምጣቸዋል። እሱ ገጹን እንጂ ሳጥኑን ከፍቶ አያውቅም።»

ተናኘወርቅ ወረቀቱን አጠፈች። «አንድ ሰው ማሳሰቢያ እየጻፈ መስመር ዝቅ አድርጎ ቢቀጥል፣ በዚያ ገጽ ላይ ምን ይመስላል?»

 ትንቢት ቀስ ብላ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደች፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መስመር አየች።

«አዲስ መስመር» አለች። «ማሽኑ ራሱ የጻፈው ይመስላል።»

«ነገ ፍርድ ቤት ከመሄድሽ በፊት ሚዛኑ ክፍል እንገናኛለን።»

በማግስቱ ጠዋት ሚዛኑ ክፍል ሞላ። አቶ ገብረ መድህን ብቸኛው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ተናኘወርቅ ከለከለቻቸውና ትንቢትን አስቀመጠቻት። ካቴናው እጇ ላይ ነበር። ብርቄ በር ላይ፣ ሙህዲንና ቢሊሱማ መስኮቱ ጋ፣ ወንድምአገኝ አጎቱ አጠገብ ቆሙ። ሁለት ፖሊሶች ከኋላ ገቡ።

«ይሄ ሁሉ ቲያትር ለምንድነው?» አሉ አቶ ገብረ መድህን። «መኪኖች ቆመውብኛል።»

«ትናንትም መኪኖች ቆመውብዎት ነበር። ከአቦምሳ ስልክ ደውለው ‹ጫኑ› እያሉ ሲጮኹ ጫኞቹ ሁሉ ሰምተውዎታል፤ ነግረውኛል። ስለዚህ ዛሬ እርስዎ ይሰማሉ።»

ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች።

«መጀመሪያ ጃኬቱ። ደመቀ ረሳው ተባለ። አልረሳም፤ ሙህዲን አይቶታል፣ ገበሩ ላይ ያለው ትኩስ ግራሶም ከእጀታው የመጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጃኬቱን ከእጀታው አንስቶ ወስዶ ሰቀለው። ማሽን ጃኬት አያነሳም። ትንቢትም አላነሳችም፤ ከተማ ነበረች።»

ብርቄ አንገቷን ደፋች።

«ሁለተኛ፣ ይህ ወረቀት። ትናንት ይህን ወረቀት ያላነበበ የለም፤ የእኛ ፖሊሶችም አንብበዋል። ሦስቱ መስመሮች ስምንት ሰዓት ይላሉ፤ ማሽኑ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚቆጥረው። ‹በራሱ ተነስቷል› የሚለው መስመር ብቻ ሁለት ሰዓት ይላል። ጠዋት ሁለት ሰዓት! ለእኛ ትክክል ነው፤ ለዚህ ነው ማናችንም ያላስተዋልነው። ማሽኑ ግን የኛን ሰዓት አያውቅም። ይህን የጻፈው የእጁን ሰዓት አይቶ የጻፈ ሰው ነው።»

ወንድምአገኝ እጁን ወደ ኋላ አደረገ። ተናኘወርቅ አየችው፤ እንዳየችውም አየ።

«ሦስተኛ፣ ማነው ሰውየው? አቶ ገብረ መድህን አቦምሳ ነበሩ። ጫኞቹ በር ላይ ነበሩ። ሙህዲን ከዚህ ወንበር አልተነሳም፣ ቢሊሱማ ምስክር ነው፤ ስለዚህ ጃኬቱን ሊወስድ አይችልም። ታብሌቱ እዚህ ቻርጅ ላይ ነበር ተባለ። እዚህ ከነበረ፣ ልባሱ ስፌት ውስጥ ያለው የእጀታው ግራሶ በእግሩ ሄዶ ነው የተቀባው?»

«ግራሶ የትም አለ!» አለ ወንድምአገኝ። «መጋዘን ነው ይሄ!»

«ጥሩ። እኔን አትመነኝ። ትንቢት፣ ሳጥኖቹን ክፈቻቸው።»

ትንቢት በታሰሩ እጆቿ መታ መታ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች ተደረደሩ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«የመጀመሪያው ሳጥን። ምን ሆነ፦ ማውጫው ተነሳ። ማን አዘዘ፦ ተረኛ። ከየት፦ ታብሌት።» ቀጠለች። «ሁለተኛው ሳጥን። ምን ሆነ፦ ማሳሰቢያ ተጻፈ። ከየት፦ ታብሌት። ማሳሰቢያው፦ ‹ጭነት ተጀምሯል›፤ ከዚያ መስመር ዝቅ ይልና፣ ‹02:12 ስህተት፦ ማውጫው በፕሮግራሙ ትዕዛዝ በራሱ ተነስቷል›። ሁለቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። በአንድ እጅ የተጻፉ ናቸው።»

«አራት መስመር፣ ሦስት ሳጥን» አለች ተናኘወርቅ። «ሦስተኛውን አንብቢ።»

«ማውጫው ቆመ። ከየት፦ እጀታ።»

 አቶ ገብረ መድህን የእህታቸውን ልጅ አዩት።

«አላየሁም ነበር!» አለ ወንድምአገኝ።  «እርስዎ ነዎት በስልክ ሲጮሁብኝ የነበሩት፣ ጋሼ! ከመኪኖቹ ጋ ሆኜ ታብሌቱን ተጫንኩት። ደመቀ የወጣ መስሎኝ ነው። ከዚያ ስሄድ ጃኬቱን አየሁት። ደነገጥኩ። በችኮላ የሆነ ነገር ነው፣ ኢንስፔክተር። አደጋ ነው!»

«ሳታይ ማስነሳትህ በችኮላ ነው እንበል» አለች ተናኘወርቅ። ድምፅዋ ዝቅ ብሏል፤ ከቁጣዋ ሁሉ የሚያስፈራው ይሄኛው ነበር። «ጃኬቱን ያየኸው ግን ማሽኑ እየሠራ ነው። እጀታው ማቆሚያም ነው፤ ከጃኬቱ ስር ነበር። ጃኬቱን ስታነሳ እጅህ ግራሶ ነካ፤ ማቆሚያውን ነክተሃል ማለት ነው። ወደ ታች መሳብ ብቻ ነበር የቀረህ። አንተ ጃኬቱን ብብትህ ስር ሸጎጥክ፣ ታብሌቱን አወጣህ፣ ሰዓትህን አየህ፣ መስመር ዝቅ አድርገህ ጻፍክ። ደመቀ ከላይህ እየሰመጠ አንተ ትጽፍ ነበር። መጀመሪያ ጻፍክ፣ ከዚያ አቆምክ። ጃኬቱን ሰቅለህ ከተመለስክ በኋላ ‹ሰው ገባ› ብለህ ጮህክ። ይህን ቅደም ተከተል እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሳጥኖቹ ናቸው።»

«የሞተ መስሎኝ ነበር።»

ብርቄ ከበሩ ተነስታ ሰዎቹን እየገፋች መጣች። ፊቱ ላይ ቆመች። የምትመታው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ። አልመታችውም።

«ሲጣራ ሰምተኸዋል?» አለችው።

ወንድምአገኝ ወደ አጎቱ ዞረ።

«ደመቀ ድምፁ ትልቅ ነው። ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሰምተኸዋል ወይ ነው የምልህ!»

«ሰምቼዋለሁ» አለ።

ብርቄ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሙህዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለቱ ፖሊሶች ወንድምአገኝን ብብቱን ይዘው አወጡት፤ ታብሌቱን ተናኘወርቅ ተቀበለችው። አቶ ገብረ መድህን ካፖርታቸው ከትከሻቸው ወድቆ አላነሱትም።

ተናኘወርቅ የትንቢትን ካቴና ፈታች። «ነፃ ነሽ። የመፈቻ ወረቀትሽን ዛሬውኑ አስጨርሳለሁ።»

ልጅቷ የእጇን አንጓ እያሸች ቆመች። አቶ ገብረ መድህን ቀረቧት።

«ልጄ፣ በጣም አዝናለሁ። የወር ደመወዝሽ አይነካም፣ እንዲያውም… ብቻ ፕሮግራሙን አስተካክይልን። ዳግመኛ እንዲህ እንዳይሆን።»

 ትንቢት ዞር ብላ ስክሪኑን፣ በላዩም ላይ እንደተሰለፉ የቆሙትን ሦስት ሳጥኖች አየች።

«ፕሮግራሙ ምን ሆነና?» አለች።

 ብርቄን ከመሬት ደግፋ አስነሳቻትና አብረው ወጡ።